ከረባቴ ከተሰቀለ ተነስቻለሁ

ኅዳር 5 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ቡራዩ

ለቡራዩ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለአጎራባች ቀበሌዎችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፦ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ የገባበት ሳይታወቅ የቆየው የኦቦ ኢቲቻ የግራ እግር ካልሲ በዛሬው ዕለት ከአልጋ ሥር በሕይወት ተገኝቷል። በፍለጋው ለተባበራችሁን ሁሉ ምስጋናችንን እያቀረብን፣ የቀኝ እግሩ ካልሲ በበኩሉ ደስታውን በቃላት መግለጽ እንደተሳነው እናስታውቃለን።

አዋጁን ያወጣሁት እኔው ኢቲቻ ነኝ። በወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ዕድሜዬን የሌላ ሰው ቃል ስጽፍ ኖርኩ፤ የራሴን ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የምኖረው ብቻዬን ነው።

የዛሬው ትልቁ ወሬ ግን ካልሲው አይደለም። የእድራችን ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበራችን ወርቁ ማንም ያላሰበውን ሐሳብ ይዞ መጣ። እድሩ ከእንግዲህ ለሞተ ብቻ ሳይሆን ብቻውን ለቀረ ሽማግሌና አሮጊትም ይድረስ፤ ውሃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሰው ይቀጠር፤ ሰው ካረጀበት ቤት ሳይነቀል ይኑር አለ። ጉባኤው ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ፣ «እድር ለቀብር ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን ተተክሎ አያውቅም» አለ።

ተነሳሁና፣ «ስሞት ለንፍሮ ልታወጡ ያሰባችሁትን ዛሬ በምስር ወጥ ስጡኝ፤ ያኔ ንፍሮውን እንደማልቀምስላችሁ በዚህ ጉባኤ ፊት አረጋግጣለሁ» አልኩ። ተሳቀ። ሰው ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ይህን ችሎት ተቀምጬ ተምሬዋለሁ። እስከ ጥምቀት እንዲሞከር ተወሰነ።

እየተጣደፍኩ ለልጄ ለገለቴ ደወልኩ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ እናቷ ካረፈች ጀምሮ ና ከኔ ጋር ኑር ትለኛለች።

«አራተኛ ፎቅ ላይ ምን አለ?» አልኳት።

«እኔ አለሁ» አለችኝ።

የእድሩን ውሳኔ ነገርኳት። «እሺ አባዬ፣ እስከ ጥምቀት ይሁን። ግን አንድ ነገር ብትሆን፣ አንድ ነገር፣ በማግስቱ ዕቃህን ጭኜ ነው የምወስድህ» አለች። ተስማማን።

አንድ ነገር አልሆንም።

ኅዳር 9

የእድሩ ሰው መጣች። ረዳት ሲባል ትከሻው ሰፊ ወንድ ጠብቄ ነበር፤ የመጣችው ተስፋነሽ የምትባል ቀጭን ሴት ነች። የዱራሜ ልጅ ነች። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ መጥታ ብናኙ ደረቷን ሲያስቸግራት ትታዋለች። ጴንጤ ናት፤ ልብስ ስታጥብ ትዘምራለች፣ ሸሚዞቼ ሁሉ ዳኑ።

«አባባ፣ የግፊት ክኒንዎን ዋጡ?»

«ውጫለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ የነገው ነው፤ ቸኩሎ የመጣ።»

ውሃ ቀድታ ክኒኑን አፌ ሥር ይዛ ቆመች። እንዲህ የጸና ዐቃቤ ሕግ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ተንበርክካ የእግሬን ጥፍር ቆረጠችልኝ። ጎንበስ ብዬ እግሬ ጋ ከደረስኩ ቆይቷል፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ለውለታዋ ኦሮምኛ ላስተምራት ጀመርኩ። «ገረ አካካዩ ኮ ነን ዴማ» አስባልኳት፤ ወደ አያቴ እየሄድኩ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ትርጉሙ «ወደ መልከ መልካሙ ሽማግሌ እየሄድኩ ነው» ነው አልኳት። መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ ስትለው ውላለች።

ኅዳር 13

ወርቁ አዲስ ደንብ አወጣ። እያንዳንዳችን ጠዋት ስንነሳ የውጭ በራችን ላይ ምልክት እንሰቅላለን፤ ማታ እናወርዳለን። ምልክቱ ካለ ሰውየው ተነስቷል። ፀሐይ ሞቆ ምልክቱ ከሌለ ሰው ይጠራል። በር በር እየዞረ እንዲያይ ማን ተሾመ? ዲሪርሳ፤ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ። የሞተውን ሲያውጅ የኖረ ሰው የተነሳውን እንዲቆጥር።

«ዲሪርሳ፣ ያልለመደብህ ሥራ ነው፤ ተሳስተህ እንዳትነፋብኝ» አልኩት።

«ኦቦ ኢቲቻ፣ አንተን ለመንፋትማ ትንፋሼን እያጠራቀምኩ ነው» አለኝ።

እኔ ድሮ ለችሎት የማስረውን ቀይ ከረባቴን ሰቀልኩ። ግንብ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ደጊቱ የሟች ባሏን ካፖርት ሰቀለች። ጉልበቷ ታሟል እንጂ ምላሷ ደኅና ነው። አላፊ አግዳሚው ካፖርቱን ሰው መስሎት «አካም ቡልተን» እያለ የጠዋት ሰላምታ ሰጥቶት ያልፋል።

«ባልሽ ሞቶም ዘብ ይቆማል» አልኳት በግንቡ ላይ።

«ካንተ ከረባት ይሻላል። አንገቱ የጠፋበት ነው የሚመስለው።»

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ኅዳር 24

ተማሪዎቹ ከጊንጪ ጀምረው ተነስተዋል ይባላል። ሱቅ ደጃፍ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ማስተር ፕላኑ ቡራዩንም፣ ሰበታንም፣ ሱሉልታንም አዲስ አበባ ውስጥ ከቶታል አሉ።»

«እኛንስ የት ከተተን?»

«ካርታ ላይ ሰው አይሣልም።»

እየሳቅኩ ገባሁ፤ ከገባሁ በኋላ ግን አላሳቀኝም። ልጄ እኔን ወደ አዲስ አበባ ልትወስድ፣ እነሱ አዲስ አበባን ወደ እኔ ሊያመጡ። ዝም ብዬ ብቀመጥም አንደኛው ይደርሰኛል።

ታኅሣሥ 1

መንገድ ተዘግቷል። ጎማ ይቃጠላል፣ ጭሱ እስከ ግቢዬ። ተኩስ ሰማሁ፤ ሩቅ ነው። ተስፋነሽ አልመጣችም። ክኒን አለ። ውሃ ለነገ ይበቃል። ከረባት ሰቅያለሁ። ካፖርቱም አለ። ገለቴ ደወለች፤ መስኮቱን ዘግቼ «ሰላም ነው» አልኳት።

ታኅሣሥ 2

መጣች። በዋናው መንገድ ማለፍ ስላልተቻለ በወንዙ ዳር ዞራ፣ ጫማዋን ጭቃ ውጦት፣ ጄሪካኑን ተሸክማ መጣች። ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው ቆመው ነበር አለች።

«ወዴት ነሽ አሉኝ። አማርኛዬም ኦሮምኛዬም ጠፋኝ፤ ያስተማሩኝን ብቻ አልኩ። ገረ አካካዩ ኮ ነን ዴማ።»

«ከዚያስ?»

«እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው፣ አያትሽ ማነው አለኝ። ኦቦ ኢቲቻ አልኩት። ጄሪካኑን ተቀብሎ ድንጋዩን አሻገረልኝ።» ከዚያ ቅንድቧን ሰብስባ አየችኝ። «መልከ መልካም የሚል ቃል ግን የለበትም አለኝ።»

ተያዝኩ። እስካሁን እየሳቅኩ ነው። ይህቺ ልጅ በዚያ መሃል ያለፈችው የኔን ክኒን ብላ ነው፤ ዛሬ ሳትጠይቀኝ ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 6

ሁለት ወታደሮች በር አንኳኩ። ከፈትኩ።

«አባት፣ ይሄ ቀይ ነገር የምን ምልክት ነው?»

«ተነስቻለሁ ማለት ነው።»

«በማን ላይ ነው የተነሱት?»

«ከአልጋዬ ላይ ነው ልጄ። ሌላ የምነሳበት ጉልበት የለኝም።»

ታናሹ ከንፈሩን ነከሰ። ታላቁ ወደ ደጊቱ በር ጠቆመ። «ያ ካፖርትስ?»

«እሱ ሟች ነው።»

«ሟች በር ላይ ምን ይሠራል?»

«ሚስቱ ተነስታለች ማለት ነው።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። በሩን ቆልፌ ደረጃው ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ አልኩ። ብርድ ነው።

ታኅሣሥ 10

ዛሬ ዲሪርሳ ጥሩንባ ነፋ። ለሽማግሌ አይደለም። የላይኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ ገና ጺም አላወጣም። ከመንገድ ላይ አንስተው ነው ያመጡት። ድንኳኑ ሲተከል ቆሜ አየሁ። ዛሬ ቀልድ የለም።

ታኅሣሥ 13

ጽሑፌ ጠመም ካለ ጥፋቱ የብዕሩ ነው። ትናንት የሕይወቴን ትልቁን ቀልድ ቀለድኩ፤ በዝርዝር መመዝገብ አለበት።

ጎህ ሲቀድ ነቃሁና አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ከረባቱን ባልሰቅልስ? እድሩ ምን ያህል ይፈጥናል? ስለዚህ ከረባቱን በእጄ እንደያዝኩ፣ በሌሊት ልብሴ፣ ሳሎን በሩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተጋደምኩ። አንድ ቀልድ እውነት እንዲመስል መድከም ያስፈልጋል። የሲሚንቶውን ብርድ ግን አስቀድሜ አላሰብኩትም፤ የጸሐፊ ስሕተት ነው።

ፀሐይ ወጣ። ዲሪርሳ መጥቶ የውጭውን በር ደበደበ። ከውስጥ ቆልፌዋለሁ። ደጊቱ በግንቡ ማዶ፣ «ኢቲቻ፣ አንተ ኢቲቻ» እያለች ተጣራች። ዝም አልኩ። ደግማ ደጋግማ ጠራችኝ፤ አሁንም ዝም። ያን ጊዜ ዲሪርሳ፣ እጁ ሰሞኑን ለጥሩንባ የፈጠነበት ሰው፣ እመንገዱ መሃል ቆሞ ነፋው። «የእድር አባላት ሆይ፣ ኦቦ ኢቲቻ አርፈዋል።» እኔ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ሳቄን በመዳፌ አፈንኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ራሱ ዲሪርሳ ነው። ወንዶቹ የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው ሲሮጡ ወታደሮቹ የጠብ ዱላ መስሏቸው አስቆሟቸው።

«ማን ሞተ?»

«ኦቦ ኢቲቻ።»

ይህን ሲሉ ሌላ ሰው እያለከለከ ደረሰና፣ «አልሞተም፣ አልሞተም» አለ። አዛዡ፣ «ታዲያ ድንኳኑ የማን ነው?» አለ።

አለመሞቴን ያረጋገጠችው ተስፋነሽ ናት። በደጊቱ ግቢ በኩል ግንቡን ዘልላ ገባች። ወለሉ ላይ አገኘችኝ። አልጮኸችም። ነጠላዋን አልብሳ፣ በብብቴ ሥር ገብታ ቀስ አድርጋ አነሳችኝና አልጋ ላይ አስቀመጠችኝ። ውሃ ሰጠችኝ፤ ደጋግሜ ጠጣሁ፤ ቀልድ ያስጠማል። ሰው ሲገባ፣ «ቀልድ ነው፣ እናንተን ልፈትን ነው» ብዬ አወጅኩ። አንዷ ደረቷን ልትመታ ያነሳችውን እጇን አወረደች። ማንም አልሳቀም።

ዳሌዬ ጎኑ ጠቁሯል። ሲሚንቶ ላይ መተኛት ለሽማግሌ አይመከርም።

ታኅሣሥ 15

ጥሩንባው ጀሞ ደርሷል። አንድ የሰፈራችን ሰው ለገለቴ ደውሎ አርድቷታል፤ መንገዱ ዝግ ስለሆነ መምጣት አልቻለችም። ስልኩን ሳነሳ ስታለቅስ ነበር። «ቀልድ ነው ልጄ፣ ደኅና ነኝ» አልኳት። 

«በሞትህ ቀለድክብኝ?»

«አንድ ነገር አልሆንኩም ለማለት ነው።»

ዘጋችው። ተቆጥታለች፤ ይሁን። መቆጣት ዕቃ መጫን አይደለም።

ወርቁም መጣ፤ አልተቀመጠም። «ያንን ልጅ በቀበርን ሰሞን፣ በስንት ፍርሃት መሃል ሰው ድንኳን ተሸክሞ ወጣልህ። ወታደር ቢተኩስስ?» አለኝ። እድሩ የሰው መሳቂያ ሆኗል፤ ሽማግሌዎቹ አገልግሎቱን ለጨዋታ አደረጉት እየተባለ ነው። ተስፋነሽም የቀልዱ ተባባሪ ነበረች የሚሉ አሉ። ከገና በኋላ መንገዱ ሲረጋ ጉባኤ ይጠራል፣ ነገሩ ይዘጋል።

አንገቴን ደፋሁ። እሱ ያፈርኩ መስሎት ሄደ።

ታኅሣሥ 20

ተስፋነሽ ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ዳሌዬን ታሸኛለች። መዝሙሩን ትታዋለች።

«አባባ፣ ሰው ተባብራ ነው እያለኝ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ ዝም በይ ስላሉኝ ዝም ብያለሁ። እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ጥምቀት።»

«ከጥምቀት በፊት ሥራው ይዘጋል እኮ።»

ፎጣውን ጨምቃ ወጣች።

ደጊቱ ካፖርቷን ትሰቅላለች፤ ስጠራት ግን አትመልስም። አገልግሎቱ ከተዘጋ የወንድሟ ልጅ ሰንዳፋ ይወስዳታል። ይህን የሰማሁት ከሱቁ ነው፣ ከሷ አይደለም። በግንቡ ላይ፣ «ካፖርቱ ሰንዳፋን አይወደውም፣ ነፋስ ይበዛዋል» ብዬ ሞከርኩ። በር ተዘግቶ ሰማሁ።

ታኅሣሥ 28

ገና። ገለቴ በስልክ «እንኳን አደረሰህ» አለች፤ እንደ ቢሮ ሰው። ደጊቱ በተስፋነሽ በኩል ዳቦ ላከችልኝ። መልእክት የለውም፤ ዳቦ ብቻ። ቢሆንም ዳቦ ነው። ሁለት ጊዜ አሽትቼ ነው የበላሁት።

ጥር 4

ማስተር ፕላኑ ቀረ። በሬዲዮ ተነገረ። የሰፈሩ ልብ በደስታ ሊፈነዳ ነው፤ ከላይ ከታች ይፏጫል፣ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ይተቃቀፋል። የላይኛው ሰፈር ልጅ እናት ግን በሯን አልከፈተችም ይላሉ። ዱላዬን ይዤ እስከ በር ወጣሁና ከከረባቴ ሥር ቆሜ ላለፈ ሁሉ እጄን አወዛወዝኩ። አንዱ ወጣት፣ «አካካዩ፣ በሕይወት አሉ እንዴ?» ብሎኝ አለፈ።

አዲስ አበባ ወደ እኔ መምጣቷን ተወች። የቀረችው ገለቴ ነች። መንገዱ ስለተከፈተ እሑድ ለጉባኤው ትመጣለች።

ጥር 8፣ እሑድ

ሻይ ጠጣሁ። አሁን ልጻፍ።

ቦታው ሞልቷል። ገለቴ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ተስፋነሽ ከግድግዳው ሥር ቆማለች። ወርቁ አጀንዳውን አነበበና፣ «በመጀመሪያ ኦቦ ኢቲቻ ስለ ቀልዱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ አገልግሎቱ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ እንወስናለን» አለ።

ተነሳሁ። ሁለት ቀን ሙሉ የተዘጋጀሁበት ቀልድ ነበረኝ፤ ጥሩ ቀልድ ነበር። የደጊቱን ጉልበት አየሁ፤ ሁለት ሰው ደግፏት ነው የመጣችው። ቀልዱ ጠፋብኝ።

«ቀልድ አልነበረም» አልኩ። «ከረባቱን ልሰቅል ስወጣ ወድቄ ነው። መነሳት አቃተኝ። ተስፋነሽ ታውቃለች፤ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ልጄ እንዳትወስደኝ ብዬ ነው።»

 ዲሪርሳ ትንፋሹን ለቀቀና፣ «እኔኮ ስንት ቀን አልተኛሁም። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ነፍቼ አላውቅም፤ ሥራዬን ልተው ነበር» አለ። እሱንም ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ለሱ ያለኝ ይቅርታ ከሁሉም በለጠ።

ገለቴ ቆማ ነበር። «አባዬ፣ ስንት ሰዓት ወለል ላይ ቆየህ?»

«ከጎህ ጀምሮ ፀሐይ እስኪሞቅ።»

«በቃ። ዛሬውኑ ትሄዳለህ።»

ያን ጊዜ ደጊቱ ከተቀመጠችበት፣ «ልጄ ገለቴ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጪ እሱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢወድቅ፣ ማነው የሚያየው?»

«ማታ እኔ እገባለሁ።»

«ማታ» አለች ደጊቱ። 

ገለቴ ሰውን ሁሉ ዞራ አየች፦ ዲሪርሳን፣ ድንኳን ተሸክመው የሮጡትን፣ ተስፋነሽን። ቁጭ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወርቁ ድምፅ አሰጠ። አገልግሎቱ ይቀጥል ተባለ፤ ያው ከኋላ የሚቀመጠው ሰውዬ እንኳ እጁን አወጣ፣ ግማሽ ድረስ።

ከጉባኤው በኋላ ገለቴ ከተስፋነሽ ጋር ብቻቸውን ብዙ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አይነግሩኝም። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ የሳሎኑን ምንጣፍ ጠቅልላ አነሳችው፤ ከረባቱን የምሰቅልበትን ሚስማርም ሳልንጠራራ እንድደርስበት ዝቅ አድርጋ መታችው። የውጭውን በር ቁልፍ ለደጊቱ ሰጠች።

«እስከ ፋሲካ» አለችኝ፣ ጣቷን ቀስራ። «ደግሞ ብትወድቅ ለኔ ነው የምትደውለው፤ ቀልድ የሚባል ነገር አልሰማም።»

ደጊቱ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጠረች። «ሰው ባሏን ቀብራ የጎረቤት ቁልፍ ይዛ ትዞር?» አለች፤ ግን አልመለሰችውም። በደስታ መቀመጥ አቃተኝ፤ ግቢዬን በዱላዬ ዞርኩት።

ጉባኤው ያልጠየቀኝ አንድ ነገር ቀርቷል፤ እዚህ ልጻፈው። ታኅሣሥ 13 ቀን በጻፍኩት ላይ፣ ደጊቱ ስትጠራኝ ሆን ብዬ ዝም አልኩ፣ ጥሩንባው ሲነፋ ሳቄን አፈንኩ ብያለሁ። የፈጠርኩት እሱን ነው። ደጊቱ ስትጠራኝ «እዚህ ነኝ» ልላት አፌን ከፍቼ ድምፄ አልወጣ አለኝ። ጥሩንባው ሲነፋም አልሳቅኩም። ለኔው ሞት እንደሚነፋ አውቄያለሁ፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ጥሩንባ ከተነፋ ሰው ይመጣል።